የባይለየኝ ቀይ ጨርቅ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ ፀሐይ በረታችብኝና አንድ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ አረፍ አልኩ። ባለሱቁ የልጅ ልጄን የሚያህል ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ጊታር ታቅፎ ጥርሱን ብልጭ ያደረገበትን ትልቅ ፎቶግራፍ ለጥፏል። ከሥሩ ያንኑ የመሳሰሉ ጊታሮች ደርድሯል። «እማማ፣ እሱ የሚጫወተው ይኸንን ዓይነቱን ነው። የመጣው ሁሉ ይኸንን ነው የሚጠይቀኝ» አለኝ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጊታር የምገዛ ይመስል።

አንድ ነገር ልመልስለት አፌን ስከፍት የጥድ ሙጫ ሸተተኝ። ማሲንቆ ሲመታ ደጋኑ የሚታሸው በዚያ ሙጫ ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላም ቢሆን አልስተውም። ዘወር ስል ጥግ ላይ አንዲት ማሲንቆ ተሰቅላለች። አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞባታል።

«ልጄ፣ ይኸ ጨርቅ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ወጉ ነው እማማ። ያለ እሱ ድምፁ አያምርም ይላሉ።»

መንገደኛው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ። ልጁ ተቀየመኝ መሰለኝ፤ ፊቱን አዞረ። ስቄ ሳበቃ ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ ጨርቅ ከየት እንደመጣ ከሚያውቁት ውስጥ በሕይወት የቀረሁት ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ።

ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ፤ እናቴም ስንቅ እያዘጋጀች ተከትላው ወደ ቆላ ወረደች። እኔን ለአባቷ፣ ለአባባ ውቤ ትታኝ ሄደች። አባባ ውቤ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ የጮቄ ብርድ በሚያገኘው ደጋ ላይ ነበር። ዘራችን አዝማሪ ነው። አያቴ በጉልምስናቸው ማሲንቆ ሲመቱ ሰው ያስለቅሱ ነበር አሉ፤ ቁርጥማት ጣታቸውን ካጎበጠው ወዲህ ግን ለሌሎች መሥራት ያዙ። ሰው አዝማሪን ሲፈልገው «ጌታዬ» ሳይፈልገው «ወዲያ» እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር። ለእኔ አያቴ ከደጃዝማች በላይ ነበሩ።

በዚያው ግቢ አጎቴ ፈንታ ከሚስቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖር ነበር። ፈንታ ማሲንቆ ይመታል፤ ብርቄ እያጨበጨበች ትቀበለዋለች። አጎቴ ዝምተኛ ነው፤ የእሱን ድርሻ ሁሉ የምትናገረው እሷ ነበረች።

የእኔ ሥራ ደግሞ አምባላይ ነበር። አምባላይ የቤታችን ነጭ ፈረስ ነው፤ አጎቴ ሠርግ እየዞረ ባገኘው የገዛው። የማሲንቆ ጭራ የሚወጣው ከፈረስ ጅራት ነውና ጠዋት ጠዋት ጅራቱን አበጥራለሁ፣ ወንዝ አውርጄ አጥባለሁ፣ የተነቀለውን በርዝመቱ እየለየሁ አስራለሁ። አያቴ የባዝራ ጭራ አይነኩም ነበር። «ሴቷ ስትሸና ጅራቷን ትነካዋለች፤ ጭራው ይሰባበራል። ድንጉላ ነው ደግ» ይሉኛል። እኔም ይኸን ሰምቼ አምባላይ ሲሸና ጎንበስ ብዬ መጠበቅ ልማዴ ሆነ። ጅራቱን እንዳልነካ አይቼ «ዛሬም ደግ ነው!» ብዬ ስጮህ አያቴ መጥረቢያቸውን ጥለው ይስቃሉ። ለቤቱ የምጠቅም ሰው መሆኔን የማውቀው በዚያ ሳቅ ነበር። እናቷ ጥላት ለሄደች ልጅ ይኸ ትልቅ ነገር ነው።

ማሲንቆ ለማሠራት የሚመጣ አዝማሪ ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ይመጣል፤ «እንደ ባይለየኝ አድርገው ይሥሩልኝ» የሚል።

ባይለየኝ በዚያ አገር ስሙ የገነነ አዝማሪ ነው። ከደምበጫ እስከ ይጁቤ ያለ ባለሠርግ ቀን ሳይቆርጥ በፊት ባይለየኝን ይጠይቅ ነበር ይባላል። ማሲንቆውን የሠሩለት አያቴ ናቸው፤ አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞባታል። እንግዲህ የመጣው ሁሉ ያንን ጨርቅ ይፈልጋል። አያቴ እንጨቱን ጠርበው፣ የፍየሉን ቆዳ ወጥረው፣ ጭራውን አስረው ሲያቀርቡለት ሰውየው ገልበጥ ገልበጥ ያደርጋትና «ጨርቁስ?» ይላል።

«ጨርቅ አይዘፍንም!» ይላሉ አያቴ።

«ግዴለም አባ ውቤ፣ ይጠምጥሙልኝ።»

«ባይለየኝ ጣት አለው። አንተስ የለህም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያ በሱ አሳምራት!»

ያጉረመርማሉ እንጂ መጠምጠሙ አይቀርም። ገበያ ነዋ። እትዬ ብርቄ ከአሮጌ ቀሚስ ላይ ቀይ ጥለት እየቀደደች ታቀብላቸዋለች፤ አዝማሪውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኔ ከአዝማሪዎቹ ሁሉ የባስኩ አማኝ ነበርኩ። ድምፁ የሚኖረው ጨርቁ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቁራጭ ጥለት አንገቴ ላይ አስሬ፣ ከጓሮ ቆሜ ስዘፍን እትዬ ብርቄ ደረሰችብኝ።

«ምነው፣ ጉሮሮሽን አመመሽ?»

«ድምፄ እንዲያምር ነው።»

«እንግዲያ ለአህያችንም እሰሪላት፤ እሷ ትብሳለች» አለችኝና አልፋኝ ሄደች።

አያቴን ጠየቅኋቸው፤ የባይለየኝ ማሲንቆ ጨርቅ ለምን እንደታሰረባት። እጃቸውን ከሥራቸው አላነሡም። «የሰው ዕቃ ገበናው ነው» አሉ። ገበና ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ የጨርቁ ስም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀይ ጥለትን ሁሉ «ገበና» እል ነበር።

እህል ታጭዶ ሲያበቃ ከከተማ ወሬ መጣ። ደብረ ማርቆስ ሱቅ የከፈተ አንድ ጣሊያን የሚተነፍስ ሳጥን አምጥቷል፤ ባይለየኝም ማሲንቆውን ትቶ ሳጥኑን ይዟል የሚል። ዛሬ ስሙ አኮርዲዮን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያኔ የእኛ ሰው «የሚተነፍሰው ሳጥን» ነበር የሚለው። አያቴ አላመኑም። በገበያ ቀን ለማየት ወረድን፤ እሳቸው፣ አጎቴና እኔ።

ከተማው መግቢያ ላይ ወታደሮች የሰውን ጭነት በብረት እየወጉ ይፈትሻሉ። እኔ የማውቃት ደብረ ማርቆስ ጠባለች፤ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነጋገረው። ከሱቁ በረንዳ ፊት ብቻ ሳቅና ጭብጨባ ነበር። ባይለየኝ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጫማ ተጫምቶ ቆሟል። ደረቱ ላይ ያ ሳጥን አለ፤ ነጭ ጥርስ የመሰለ ነገር በጎኑ ተደርድሯል፤ ግንባሩ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለበት። ማንም ማንበብ አልቻለም። ከጎኔ የቆሙ ሴትዮ «ክታብ ነው፤ በሱ ነው የሚዘፍነው» አሉ። ባለሱቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። አስተርጓሚው፣ ሁልጊዜ ቆብ የሚያደርግ የከተማ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለፈልፋል። «ባይለየኝ የመረጠው ሳጥን! የአዝማሪ ሁሉ አለቃ የመረጠው! ያለህ ፈረስ አምጣ፣ በሬ አምጣ፣ ውሰድ!»

ባይለየኝ ሳጥኑን ለጥጦ እንዲህ አለ፦

ምን ያደርጋል ጭራ፣ ምን ያደርጋል ቆዳ፣
ሳጥኑ ይበቃል ለሠርግም ለእንግዳ።

ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ግን የአያቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ። ጭራው የእኔ ሥራ ነው፤ ቆዳው የአያቴ። የሰደበን ሌላ ሰው ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ባይለየኝ ነው። ቀና ብዬ አያቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ጎበዝ ነው» አሉ።

«ሳጥኑ?» አልኳቸው።

«ባይለየኝ። ምንም ይያዝ ምን ጎበዝ ነው።»

አንድ ነገር ደግሞ አሳዘነኝ። ሳጥኑ ሲለጠጥ ጎድኑ አንድ በአንድ ይታያል፤ ሲጨመቅ ያቃስታል። በሕይወት ያለ፣ የተራበ እንስሳ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባይለየኝ ሊያርፍ መደቡ ላይ ሲያኖረው ሹልክ ብዬ ቀረብኩና ለአምባላይ ከያዝኩት ገብስ እፍኝ ሙሉ እጥፋቶቹ መሐል ጨመርኩለት። ተጣልቼውም ቢሆን ጦሙን ሊያድር አይገባም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ግቢያችን የሚመጣ አዝማሪ ጠፋ። ጥር ደረሰ ማለት በሌላው ዓመት ቤታችን እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠበቅበት ወራት ነበር። ያን ዓመት አያቴ ጠዋት ወጥተው መደባቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ የተጠረበውን እንጨት መልሰው ያለሰልሳሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ ይገባሉ። አንዱ ጎረቤታችን አዝማሪ በቅሎውን ሰጥቶ ሳጥን ገዛ። ሌላው የሚያርስበትን በሬ ሰጠ። የሳጥኑን ቁልፍ የትኛውን ሲነኩ ምን እንደሚል የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም፤ ባይለየኝ የያዘው መሆኑ ብቻ በቅቷቸዋል።

የገና ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ፈንታና ብርቄ እርሻ ወርደው፣ እኔ ከጓሮ አምባላይን ሳበጥር፣ በቁልቁለቱ በኩል አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ መጣ። ኮቱን አወቅሁት። ባይለየኝ ነው። በዋናው መንገድ አልመጣም፤ በጓሮ ነው የመጣው። በቅሎው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሲፈታው ማሲንቆዋ ናት፣ ከነቀይ ጨርቋ። ጭራዋ ተበጥሷል።

አያቴ ስለዚያ ግጥም አንዲት ቃል አላነሡም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ደኅና ነህ?» ብለው ማሲንቆዋን ተቀበሉት። እኔን ጭራ አምጪ አሉኝ። ላኮርፍ ብዬ ነበር፤ ግን የአያቴን ፊት አይቼ ረጅሙንና ደጉን መርጬ አመጣሁ።

ባይለየኝ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። «እግሬን በልቶ ጨረሰው» አለ። ተረከዙ ተልጧል። «እምቢ እንዳልል፣ አባ ውቤ፣ ለዱር ሰዎች ይዘፍናል ቢሉኝስ? አዝማሪ በግጥሙ ስንቱ ተወሰደ። ደግሞ ዘንድሮ ማን ይደግሳል? ቤቴ የበላነው የባለሱቁን ዱቄት ነው።» ከዚያ ሳቅ አለና «የሚገርመው፣ በቀደም ሳጥኑን ስለጥጠው ገብስ ከውስጡ ተንጠባጠበ። ባለሱቁ አይጥ ገብቶበታል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲፈትሸው ዋለ» አለ። እኔ ከአምባላይ ሆድ ሥር ገብቼ ተደበቅሁ።

አያቴ ጭራውን አስረው ሰጡት። ደጋኑን በሙጫ አሸት አሸት አደረገና መታ። ግጥም የለውም፤ ዝም ብሎ ዜማ ነው። አምባላይ ገብሱን ማኘክ አቁሞ ጆሮውን ቀሰረ። የእናቴ ድምፅ እንዴት እንደነበር የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀን መጣልኝ። አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም።

«ልጆቼ ሳጥኑን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይቺን ሲሰሙ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው» አለ ባይለየኝ፣ ማሲንቆዋን መልሶ በጋቢው እየጠቀለለ።

ከሄደ በኋላ አያቴ ትከሻዬን ያዙ። «ይኸን ለማንም እንዳትነግሪ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ለአጎቴ የሠርግ ቃል ሰጥተው የነበሩ ሰዎች መጡ። «ሳጥን አለህ?» አሉት። የለኝም አለ። «እንግዲያ ይቅርታ፣ ሙሽራዋ የባይለየኝን ዓይነት ካልሆነ ብላለች» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ ቃሉ ያው ነው። አጎቴ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ዋለ። ሲመሽ አያቴ ፊት ቆመና «አባቴ፣ አምባላይን ልሰጥ ነው። በገበያው ቀን ሳጥኑን አመጣለሁ» አላቸው።

«ፈረሱ ያንተ ነው» አሉ አያቴ። «እኔም እንግዲህ መሥሪያዬን እሰቅላለሁ። ያለ ጭራው ምን እሠራለሁ?»

«ምን ላድርግ? ሠርጉ አለፈን እኮ! ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?»

አያቴ መሥሪያቸውን መሰብሰብ ያዙ። መልሱ እኔ ምላስ ላይ ተቀምጧል። አጎቴ ሲወጣ እጃቸውን ይዤ «አባባ፣ ይንገሩታ! አያ ባይለየኝ ሳጥኑን እንደማይወድ ይንገሩት!» አልኩ።

«ልጄ፣ ሰው ማሲንቆውን እኔ እጅ ላይ ሲጥል አምኖኝ ነው። የሰው ገበና አላወጣም።»

«ለልጅዎም?»

«ለልጄም።» ፊታቸውን አዞሩ። ሲያለቅሱ አየሁ ማለት አልችልም፤ ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ገበና ጨርቅ አለመሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የገበያው ቀን አምባላይን ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ አበጠርኩት። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አደግድጋ ተከተለች፤ እኔም አልቀርም ብዬ አለቀስኩና ወሰዱኝ። አያቴ ደጃፍ ድረስ ብቻ ሸኙን። የፈረሱን አንገት ዳሰሱና ገቡ።

በረንዳው ፊት ሕዝቡ ከወትሮው ይበልጣል። አስተርጓሚው አምባላይን ሲያይ ደስ አለው፤ መጥቶ ልጓሙን ያዘ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ባለሱቁ አዲስ ሳጥን ከውስጥ አስወጣ። ባይለየኝ በረንዳው ላይ ሆኖ የዚያኑ ቀን ግጥም ይላል። ዓይኑ አምባላይ ላይ ሲያርፍ፣ ቀጥሎም እኔ ላይ ሲያርፍ፣ ጣቱ አንዴ ሳተ። ቀጠለ እንጂ።

እኔ መናገር አልችልም፤ ማርያምን ብያለሁ። መጠየቅ ግን አልከለከሉኝም።

«እትዬ» አልኩ፣ ነጠላዋን ስቤ፤ «አያ ባይለየኝ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጫወት ጠይቂው።»

«ምን አውቀሽ ነው?»

«ምንም አላውቅም። ማርያምን ብያለሁ።»

ብርቄ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፈረሱን አየች። ከዚያ በረንዳውን። ሞኝ ሴት አልነበረችም።

በአዝማሪ ሥርዓት አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ከሰጠ አዝማሪው ቃል ሳያጎድል ያንኑ መልሶ ማዜም አለበት። ጌታም ይስጠው ድሃ፣ ያስደስተውም ያቃጥለው፣ ይቀበላል። ይኸን ያፈረሰ አዝማሪ ከማንም ደጅ አይቆምም። ብርቄ ራሷ የአዝማሪ ልጅ ናትና ሥርዓቱን ታውቃለች። ሰው እየገፋች ከፊት ወጣችና ነጠላዋን አውለበለበች።

«ተቀበል!»

ሕዝቡ ወደ እሷ ዞረ። ባይለየኝም «እሺ እመቤቴ» ሲላት ብርቄ እንዲህ ብላ ሰጠችው፦

አደባባይ ወጥተህ ሳጥን ታስጮሃለህ፣
ደጅህን ስትዘጋ ምን ትጫወታለህ?

ባይለየኝ ተቀበለ። ቃል አላጎደለም፤ በዚያ በሚያምር ድምፁ ጥያቄውን ራሱን ጠየቀ። ሁለተኛውን ስንኝ ሲጨርስ ሳጥኑ እንደተለጠጠ ቀረ። መቀበሉ ግዴታው ነበር፤ መመለሱ ግን ግዴታው አልነበረም። ስቆ ሌላ ዘፈን ቢጀምር ማንም አይወቅሰውም ነበር። ወደ ወታደሮቹ አየ። ወደ ባለሱቁ አየ። ከዚያ ሳጥኑን ቀስ ብሎ ዘግቶ መደቡ ላይ አኖረውና፣ ምንም ሳይዝ፣ በባዶ ድምፁ እንዲህ አለ፦

ደጄን ስዘጋማ አለችኝ ማሲንቆ፣
ሳጥን መቼ ያውቃል የሰው ሆድ ጠይቆ!

 ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም። ባርኔጣ የወረወረ፣ ዱላውን ወደ ላይ ያነሣ፣ ጎረቤቱን ያቀፈ ነበር። እነዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች በዚያ ቀን ከተማውን አናጉት። ከዚያ ደግሞ የማይረሳኝ ነገር ሆነ። ባለሱቁ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበ። ሳጥኑ እንዲህ የተወደደ መስሎት ነበር። ምን እንዳለ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ልጓሙን እንደያዘ ባይለየኝን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ አንድ አጭር ነገር መለሰለት። «ሕዝቡ ዘፈኑን እጅግ ወዶታል» ነበር ያለው፤ በኋላ ባይለየኝ ነገረን። ውሸትም አልነበረም። ያን ቆባም ሰው ሁላችንም እንጠላው ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ግን የአንድ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ እግዜር ይስጠው።

አጎቴ ፈንታ ሄዶ ልጓሙን ከአስተርጓሚው እጅ ወሰደ።

«ምነው፣ ተውከው?»

«ተውኩት።»

ያን ቀን ሁለት ቃል ተናገረ ብላ እትዬ ብርቄ እድሜ ልኳን ስታወራው ኖረች፤ አንድ መሆኑን ብንነግራትም አልሰማ አለች። ወደ ቤት ስንመለስ እኔን አምባላይ ላይ አስቀመጡኝ። አያቴ ከሩቅ አይተውን ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ወርጄ ሮጬ ስደርስ «ተናገርሽ?» አሉኝ። «አልተናገርኩም፤ እሱ ራሱ ተናገረ» አልኳቸው። አንሥተው ሳሙኝ፤ በእነዚያ በጎበጡ ጣቶቻቸው እንዴት እንዳነሡኝ አላውቅም።

ባለሱቁ ምክንያቱን ባያውቅም ገበያው መሞቱን ለማወቅ አልዘገየም። ሳጥን የሚገዛ ጠፋ። በባይለየኝ ላይ ያለውን ኮትም ጫማም መልሶ ተቀበለው። በሚቀጥለው ረቡዕ ሮብ ገበያ ላይ፣ አዝማሪዎች ከሚሰበሰቡበት ዋርካ ሥር፣ ባይለየኝ በባዶ እግሩ፣ አሮጌ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ማሲንቆዋን ይዟል። ለሳጥን በቅሎውን የሰጠው ጎረቤታችን ሲያየው ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠው። ባይለየኝ ፊት ለፊቱ ዞሮ ቆመና «ይቅር በለኝ» አለው፤ «በቅሎህ ባይመለስ እኔ የማገኘውን አካፍልሃለሁ።» ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረ።

«አንድ ሌላም አለኝ» አለ፤ ቀዩን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ዙር በዙር ፈታው። ከሥሩ፣ በማሲንቆዋ አንገት ላይ፣ ስንጥቅ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች፣ በጅማት የታሰረ። «በቅሎ ጥላኝ የተሰነጠቀች ናት። አባ ውቤ ጠግነው ገበናዬን ሸፈኑልኝ። እናንተ ስትጠመጥሙ አይቼ አፈርኩ፤ ዝም አልኩ። በዝምታዬ ጨርቅ ሸጥኩላችሁ፤ በአፌ ደግሞ ሳጥን።»

አዝማሪዎቹ እያንዳንዳቸው የማሲንቋቸውን አንገት አዩ። ደኅና፣ ለስላሳ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ቀይ ጨርቅ። መጀመሪያ የሳቀው ያ በቅሎውን የሰጠው ጎረቤታችን ነው፤ ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ የራሱን ሊፈታ እጁን ሲልክ አያቴ ያዙት።

«ተወው» አሉ። የባይለየኝን ጨርቅ ከእጁ ተቀበሉና ስንጥቁ ላይ መልሰው ጠመጠሙት። «እስከ ዛሬ ለምናችሁኝ ነበር የማስረው። ከእንግዲህ ሳትለምኑኝ አስራለሁ። ለምን ነው ለሚለኝ ሰው፣ አንድ አዝማሪ እውነቱን የተናገረበት ነው እለዋለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ያን ጥር ባይለየኝ ከተማ ገብቶ እንዳይዘፍን ተከለከለ፤ አጎቴ ፈንታ የሄደበት ሠርግ ሁሉ ይዞት ሄደ፤ ሦስቱም፣ ከነብርቄ፣ አንድ ላይ ይዘፍኑ ነበር። ግቢያችን እንደገና ወረፋ ሞላበት። እኔ ጭራ እያበጠርኩ፣ አያቴ እየጠረቡ፣ የማሲንቆ ሁሉ አንገት ላይ ሳያጉረመርሙ ቀይ ጥለት ይጠመጥማሉ። ጥለቱን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ያ ክረምት በጠኔ አላለፈም። የበላሁትን እንጀራ ያበላኝ፣ ፈረሴን ያስቀረልኝ፣ የአያቴን መሥሪያ ከመሰቀል ያዳነው አንድ ሰው በኮቱና በጫማው ከፍሎ ነው። ያኔ እንዳላመሰግነው ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ግን አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ሱቅ ከመውጣቴ በፊት ልጁን ማሲንቆዋን እንዲያወርድልኝ ለመንኩት። ቅር እያለው አወረደልኝ። ቀዩን ጨርቅ ፈታሁ። አንገቷ ደኅና ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። ሙጫውን አሸተትኩ። ከዚያ ጨርቁን አያቴ ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ ዙር በዙር፣ ጠበቅ አድርጌ መልሼ ጠመጠምኩት።

«እውነትህን ነው ልጄ» አልኩት፤ «ያለ እሱ አያምርም።»